ጎኑን አይቶ

ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ዝም አለ፣
«ስኳርሽ…» አለና በብዕሩ ከለለ።
ሰማንያ ስድስት ኪሎ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት፤
ሁለቱም ሲጻፉ ቁጥር፣ ሲሸከሙት ጭነት።

በማግሥቱ ሌሊት፣ ዶሮ ሳይጮኽ ገና፣
የወንድሜን ሸራ አጠለቅሁና
ከቤቴ ተነሥቼ ቁልቁል ወደ ውሰታ፣
ከዚያ ደግሞ ሽቅብ ጉልበቴ እስኪረታ።
ደብረ ማርቆስ ተኝታ፣ ውሾቿ ብቻ ነቅተው
«ይቺን ደግሞ ማን አሳደዳት?» ይሉ ነበር አፍጥጠው።

መሮጡስ ባልከፋ።
ክፉው ማዕዴ ነበር፣ እኔው ያጎደልሁት፤
እንጀራን ግማሽ አልሁ፣ ቀጥሎ ሩብ አልሁት፣
ሩቡንም ቆርሼ ለድመት ሰጠሁት።
ገንዘብ ያዥ ነኝና ሒሳብ አይጠፋኝም፤
ጧት ሎሚ በውኃ፣ ማታም ሌላ የለም።
የሚገባ ካነሰ፣ የሚወጣ ከበዛ፣
ካዝናው መራቆቱ አይቀርም እንደ ዋዛ።

እናቴ ከደጃፉ፦
«ጾም ነው?»
«አይደለም።»
«ታዲያ ምንድን ነው? ጾም እንኳ መፍቻ አለው፤
ያንቺው ግን ሰዓቱ ስንት ሲል ነው የሚያልቀው?»

ከመናኸሪያው በር ላይ ሚዛን ያለው ልጅ አለ፤
ስሙ ደግሞ ይበልጣል (ቀን ሲጥል እንዲህ ነው)።
ሁለት ብር ተቀብሎ፣ «አራት ኪሎ ቀነስሽ» አለኝ በሁለት ሳምንት፤
ከዚያ ወዲያ መርፌዋ ሰማንያ ሁለት ላይ ደረቀች፣ እንደ ቆመ ሰዓት።
ፀጉሬ ከማበጠሪያው ተጠቅልሎ ቀረ፣
ልጄን «ደብተርሽ የት ነው?» ብዬ ስጮኽባት ጎረቤት ተሸበረ።
አንድ ቀን በመስኮቴ፣ የውኃ ሒሳብ ስቀበል፣
ሺህ ብር አብልጬ መለስሁ ለማላውቀው ደንበኛ፤
ካዝናው ተራቆተ እንዳልሁት፣ በእርግጥም፤
የጎደለው ግን ብር ነው፣ ስብ አልነበረም።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ጧት፣ ከወንዙ ማዶ ዳገት፣
ዓይኔ ጨለመና ተንበረከክሁ ድንገት።
አያ ባንተይርጋ ጥማዱን አቁሞ መጣ፤
በሶ በጥብጦ ሰጠኝ በቅል፣ እስኪያልቅ ጠጣሁ።
ጨው ነበረው።
«ማን አሳደደሽ፣ ልጄ?»
«ማንም። ለመክሳት ነው።»
ሳቀ። በጅራፉ እጀታ በሬውን አሳየኝ፦
«ይኼ ዳልቻ፣ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ሲበላ፣
ቆዳው ተወጥሮ መንቀሳቀስ ጠላ።
በእርሻ ወር ደግሞ ድርቆሹን ባሳንስ፣
ሦስት ቀን ይስባል፣ በአራተኛው ይተኛል ትልሙን ሳይጨርስ።»
«ታዲያ ስንት ትሰጠዋለህ? በኪሎ? በሸክም?»
«በኪሎ እንኳ እንጃ። ማታ ማታ ጎኑን አያለሁ፤
አጥንቱ ሲቆጠር እጨምርለታለሁ፣
ሻኛው ሲንዘላዘል እቀንስበታለሁ።
ባዶ ሆድም አያርስ፣ ቁንጣንም አያርስ።»

ያን ዕለት ቤት ገብቼ አንድ ሙሉ እንጀራ፣
ምስር፣ ጎመን፣ ሁለት እንቁላል በላሁ ሳልፈራ።
ሳልቆጥር አልልም፤ ቆጥሬአለሁ፤ ሥራዬ ነው።
ስኳሩን ተውሁት፣ ቅቤው በማንኪያ ጫፍ ሆነ፤
ሩጫው እንዳለ ነው፣ ከእሑድ በቀር፤ በሬም ሰንበት አለው።
ይበልጣል ጎንበስ ብሎ፣ «ሰማንያ አንድ ተኩል» ይላል፤
ከሳምንት በኋላ፣ «ሰማንያ አንድ።» ይኼው ነው።
የሺህ ብሩን ዕዳ ገና እየከፈልሁ ነው።

ትናንት ማታ ልጄ ከወጡ አጥቅሳ፣ ጠቅልላ፣
«እማ፣ አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ።
«በቃኝ» ልላት ነበር። ጎኔን በእጄ ዳሰስሁ።
ጎረስሁ።
ጉርሻ ስንት ይመዝናል?
ነገ ይበልጣልን እጠይቀዋለሁ።