ነቃ

ያን ለት ከዞን መጡ፣ በሁለት መኪና፤
አቧራው ከፊታችን አልበረደም ገና፣
አንዱ ወረቀቱን ዘረጋና፦
«በጀት ተለቋል» አለ፣ «ለመንገድ፣ ለድልድይ፤
ገንዘብ ገጠር ይግባ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይለፍ፣ ይታይ፤
ኢኮኖሚው ደንዝዟል፤ እናነቃቃዋለን።»
ስንሻው ከኋላ እጁን አነሣ፦ «ጌታዬ፣ ማን ነው የተኛው ግን?
እኔ እንደሁ በዶሮ ጩኸት ተነሥቼ
አርሼ ነው የመጣሁት፣ በሬዎቼን ፈትቼ።»
ሳቅ ሆነ። እንግዳው ራሱ ሣቀና በቃ፤
እኔ ግን ቃሏን ያዝኋት፣ ጎኗን ዳሰስኋት፦ ነቃ።

ከእንቅልፍ የተነሣ ነቃ። የተሰነጠቀ እንስራም ነቃ።
አንዲት ቃል፣ ሁለት ትከሻ።
ለክፉ ቀን ደበቅኋት።

ከዚያ ግሬደሩ መጣ፣ ሮለሩ መጣ፣
የስንሻው የጤፍ ማሳ በገመድ ለሁለት ወጣ።
ካሳው? ካሳው ቅጽ ላይ ነው፤ ቅጹ ደብረ ማርቆስ ነው፤
ደብረ ማርቆስ ያለው ሰውዬ ስብሰባ ነው።
እኔ ዋሸራ ሰባት ዓመት ቅኔ ቆጥሬ፣ ደምበጫ ሰው ቆጣሪ ሆንሁ፤
የመጣውን በጥቁር እስክሪብቶ፣ የቀረውን በቀይ ጻፍሁ።
እንየው፣ ሮለር ላይ የሚተኛ፣ ሚስቱ ስንቅ ስታመጣ የሚነቃ፤
ሙጬ፣ ቀልድ በአካፋ የሚዝቅ፣ የጠጠር አለቃ፤
አንጓች፣ ከሁሉ ቀድማ ደርሳ ድንጋይ የምትፈልጥ፣
መዶሻዋን ለማንም የማትሰጥ።

«በገንዘቡ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኋት አንድ ቀን።
ቆርቆሮ ትለኛለች ብዬ ነበር፣ ወይ ጥጃ።
«ሚዛን» አለች። «ባለ ሁለት ሳህን።
ዕድሜዬን ሙሉ ድንቼን ሌላ ሰው መዘነው፤ አንድ ቀን እኔ ልሁን።»

ወራቱ ደግ ነበር፤ አልዋሽም። ብር እንደ ጠበል ተረጨ፤
ጠላ ቤቱ ወንበር ጨመረ፣ የቀበሌው ዳኛ እንኳ ጢሙን ተላጨ፤
ባለሱቁ ለመጀመሪያ ጊዜ የዱቤ ደብተሩን ዘጋ።
እንዲህ እንዲህ ሲል ሰኔ ሠላሳ ነጋ።

ሰኔ ሠላሳ በጀት እንደ በር ይዘጋል፤
ያልወጣ ብር ይመለሳል፤ አለቃው ላቡን ይጠርጋል።
በዝናብ ሬንጅ አፈሰሱ፣ ጭቃ ላይ፣ ሌሊት፣ በባትሪ፤
«ተጠናቀቀ» ብዬ ጻፍሁ። ምን ላድርግ፣ እኔ ቆጣሪ።

መንገዱ ተምጫ አፋፍ ላይ ደርሶ ቆመ፣
ውሃ እንደ ፈራ በሬ አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ደከመ።
ድልድዩስ? «ለከርሞ» አሉ። ከርሞ የሚባል ሠራተኛ በመዝገቤ የለም፤
ስሙን ጠራሁት፤ ማንም «አቤት» አላለም።

ነሐሴ ላይ አስፋልቱ ነቃ።
እንደ እንስራ፣ ከአፉ እስከ ግርጌው፤ ቋ!
ስንሻው ጎንበስ ብሎ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተና፦
«እንዳሉት ነቃ! እንግዲህ ማን ያስተኛው እንደገና?»
የደበቅኋትን ቅኔ ገበሬ ዘረፋት፤
ጥርሴን ነክሼ ሣቅሁላት።

ዋሸራ ወጥቼ ለየኔታ ነገርኋቸው፤
መቋሚያቸውን አገላብጠው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፦
«ሰሙ ሬንጁ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው ይቀልጣል፣ ደግ።
ወርቁስ? ሰም ሲቀልጥ ወርቅ አይደለም የሚቀር፣ በወግ?»

መዝገቤን ገለጥሁ፦ የእንየው አሥራ አንድ ቀን አልተከፈለም፤
ኩባንያው ኮንቴይነሩን ጭኖ ሄዷል፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም።
ሲሚንቶው ስንት በወረቀት፣ ስንት በመሬት?
ድምሩ ቤት አልመታም፤ ቤት የሠራበት ግን አለ፣ ባለ ፎቅ ቤት።

ስመለስ መሸብኝ፤ ስንጥቁን እየተሻገርሁ
አስፋልቱ ካለቀበት፣ ተምጫ አፋፍ፣ ፋኖስ አየሁ።
አንጓች ናት፤ ሚዛኗን ሰቅላ፣ ድንቿን ጆንያ ላይ ዘርግታ፣
ድልድይ አጥቶ የቆመውን ሹፌር ሁሉ ጠርታ።
ሳህኖቹ በነፋስ ይወዛወዛሉ።
«አንጓች» አልኋት፣ «የኔታ ወርቁ የታለ ይላሉ።»
እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ቀና ብላ አየችኝ፦
«ስንት ኪሎ ልመዝንልህ?» አለችኝ።