የቅዳሜዋ ቲኬት

እናኑ ናት የገዛችልኝ፣ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ፤
አረንጓዴ ካርድ፣ «ይኸው እቴ፣ ሰባት ቀን ሙሉ እንደ ንጉሥ!
ውጪ፣ ውረጂ፣ ደስ እንዳለሽ፤ ማንም ሒሳብ አይልሽም።»
ይህን ለኔ! ሃያ ሰባት ዓመት «ሒሳብ» ሳልል አልመሸም።

አንበሳ አውቶቡስ፣ ቁጥር ሠላሳ አንድ፣ ከኋላው በር አጠገብ፣
ጉልበቴ ላይ የሳንቲም ከረጢት፣ በጣቶቼ መሀል ጥራዝ፣
«ጠጋ በሉ! መሀሉ ባዶ ነው!»
ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ለትእዛዝ
ያህል ነው እንጂ።
ቲኬት ስቀድ የሚወጣው ድምፅ አሁንም አውራ ጣቴ ውስጥ አለ፤
እዚህ ግን ምሰሶ ላይ ያለች ሣጥን ካርዴን አየችና
ጢጥ አለች፣ አለቀ።
ማንም ቀና ብሎ አላየኝም፣ ማንም እጁን አልዘረጋ፤
ኢየሩሳሌምን የሚያህል አገር፣ አንዲት ጢጥ ሆነች ዋጋ።

ሰኞ ከፒስጋት ዜኤቭ ተነሥቼ እስከ ሄርዝል ተራራ ሄድኩ፤
ምንም ጉዳይ የለኝም፣ መጨረሻው ላይ ወረድኩ፣
በማዶ ተሻገርኩና ያንኑ መንገድ ተመለስኩ።
ማክሰኞ ደገምኩት።
ረቡዕ ደማስቆ በር ወርጄ የቁልቋል በለስ ገዛሁ፤
ሻጩ በዐረብኛ፣ እኔ በአማርኛ
ተከራክረን ሁለታችንም ረታን።
ሐሙስ በገበያው ፌርማታ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ገባ፣
አፌ ላይ «ጠጋ በሉ» መጣና መልሼ ዋጥኩት።
አንድ ልጅ ጠብመንጃውን ጉልበቱ ላይ አስተኝቶ እሱም ተኝቷል፤
መውረጃውን ባውቅለት ቀስቅሼው ነበር፣
ሳያልፈው አልቀረም፣ አልፎታል።

ሐሙስ ማታ ደመርኩ፤ ሃያ ሁለት ጉዞ።
የእናኑ ገንዘብ ረቡዕ ተመልሷል፣
ከዚያ ወዲህ ያለው ትርፍ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ከተማው መሮጥ ጀመረ፣ ዳቦ ታቅፎ፣ አበባ ይዞ፤
ከዚያ ጥሩምባው ጮኸ። ደነገጥኩ። እናኑ ሳቀችብኝ፤
«ሰንበት ልትገባ ነው። እስከ ነገ ማታ ባቡር የለም።»
«ሰባት ቀን አላልሽኝም?»
«ሰባት ነው። አንዱ ያርፋል።»
«የተከፈለበት ቀን እንዴት ያርፋል?»
«እግዜርም ከፍሎበት ነው ያረፈ» አለችና ሻማዋን ለኮሰች።

እንቅልፍ እንቢ አለኝ በጉድለቱ።
ገቢ ሳስረክብ አምስት ሳንቲም ጎድሎብኝ አያውቅም፤
ሲጎድልም ከኪሴ ሞልቼ፣ ማንም አላወቀም።

ቅዳሜ ሐዲዱ ላይ በእግሬ ሄድኩ፣ ሁለት ፌርማታ ያህል፤
ልጆች በብረቱ ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው ሚዛን ይጠብቃሉ፣
ድመት መሀል መንገድ ተጋድማለች፣
የባቡሩን ቦታ እንደ ርስት ይዛ።
ካርዱ ኪሴ ውስጥ ነው። ምንም አይልም።

እሑድ፣ የመጨረሻው ቀን፣ ተቆጣጣሪዎች ገቡ።
ረጅሟ ልጅ ወደኛ መጣች። ከፊቴ አንድ ሽማግሌ፣
ሐብሐብ በመረብ ዘንቢል፣ ለራሱ በሩሲያኛ የሚያወራ፣
ኪሱን ይፈትሻል፤ መነጽር፣ መሐረብ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣
መሐረብ እንደገና።
ያንን እጅ አውቀዋለሁ፤
የሌለውን የሚፈልግ እጅ አንድ ኪስ ሁለቴ ይገባል።

ልጅቷ ጠበቀች። ጠበቀች።
ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፣
ከግንብ በቀር ምንም ወደሌለበት፣
ባቡሩ እስኪቆም ድረስ አየች።

ያንን መስኮትም አውቀዋለሁ።
ሽሮ ሜዳ ዳገት ላይ ስንት ጊዜ አይቼበታለሁ፤
ውጭ ምን ነበረ ብትሉኝ አላውቅም።

በሩ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ሐብሐቡ ወረደ፣ ከዚያ እሱ።
እኔም ሒሳቤን ሠራሁ፤
ተከፍሎ ያልተሄደበት አንድ ቀን፣
ሳይከፍል የሄደ አንድ ሰው።
ቅዳሜን በአውራ ጣቴ ከአየሩ ላይ ቀደድኩለት፤
ድምፁን እኔ ብቻ ሰማሁ።

ማታ እናኑ ጠየቀችኝ፣ ጫማዋን እያሰረች፣
«ካርዱ አለቀ?»
«ሞላ» አልኳት።