ሃያ ግራም

ስሜ ፈረደ ነው፤ ፈርጄ ግን አላውቅ፣
ሃያ ስድስት ዓመት የክር ማሽን ስጠብቅ፣
ቂርያት ጋት ፋብሪካው አንድ ጆሮ ወስዶ
ባንዱ አሰናበተኝ፣ በወረቀት ፈርዶ።

አንድ ቀን ከደጄ ልጅ እግር መጣና፣
ጫማው መስተዋት ነው፣ ቃሉ የሚያጽናና፦
«ጋሼ፣ ጠሒና ይበላሉ?»
«እበላለሁ።»
«ደረሰኙስ?»
«መሳቢያ ውስጥ ይኖራል፣ እፈልጋለሁ።»

ብልቃጡ የጻፈው አምስት መቶ ግራም፤
ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ሃያዋ ግን የለም።
«እርስዎ ይፈርሙ ለአራት መቶ ሺህ ሰው፣
የተጭበረበረው ሁሉ ካሣ እንዲደርሰው።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር አይደል?» አለኝ።
ተረት ያሸንፈኛል።
ፈረምኩ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ቤር ሸቫ ፍርድ ቤት
ሁለቴ ተቀጥሮ፣ በሦስተኛው ዋዜማ ታረቁ።
ኩባንያው አላጠፋሁም አለና ከፈለ።
ለጠበቃው መቶ ሰማንያ ሺህ ሸቀል፤
ለእኔ፣ «ስለ ድካሜ»፣ አራት ሺህ፤
ለአራት መቶ ሺሁ ሰው ኩፖን፦
ያንኑ ጠሒና ደግሞ ለሚገዛ፣ ቅናሽ።

ገዛሁ። መዘንኩት።
አሥራ ስምንት ይጎድላል።

ልጁ ተመልሶ መጣ። «ጋሼ፣ ሻምፖ ይጠቀማሉ?»
ባርኔጣዬን አውልቄ መላጣዬን አሳየሁት።
«ግድ የለም፣ ደረሰኝ ይበቃል።»

እኔ ክር አውቃለሁ።
ራሱን ያደራ ድር አይቼ አላውቅም፤
ከጫፉ ላይ ጣት አለ፣ ወይ ሸረሪት።
አንበሳው ሲታሰር ሥጋውን ማን በላ?
ድሩማ ድር ነው፣ ምን አፍ አለውና!

አሁን ኢየሩሳሌም ሕጉ ይታረም ይላሉ።
ይታረም።
በሩ ጨርሶ ይዘጋ የሚሉም አሉ፤
ከሁሉ አስበልጦ የሚያጨበጭበው
የጠሒናው ጌታ ነው።

ቆዩ እንጂ። ባለቤቴ አንጓች
አሽቀሎን ሆስፒታል ዘጠኝ ዓመት ወለል ስትወለውል
ኮንትራክተሩ ለጡረታሽ እያለ በየወሩ ይቆርጥ ነበር፤
ቆርጦ የትም አላስገባ።
የአንዷ ሴት ገንዘብ የጠበቃ ደጃፍ አያስረግጥም፤
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሆነው፣ ባንድ መዝገብ፣
በየስማቸው አስመለሱት። ሳንቲሙ ሳይቀር።
ያ ድር አንበሳ አሰረ።

አባቴ ደምቢያ ሲሟገት በቅሎ ያስይዝ ነበር፣
ዋስ ጠርቶ፣ ዳኛ ፊት፣ ነጠላውን አደግድጎ።
በሐሰት የቆመ ይረታና
በእግሩ ነው ቤቱ የሚገባ።
ጠበቃውም እንግዲህ በቅሎውን ያስይዛ!
ድርሻውም ይቆይ፣
ካሣው የሰዎቹ ኪስ እስኪደርስ ድረስ።
ከዚህ ሌላ ሕግ አላውቅም፤ ስሜ ብቻ ነው የፈረደ።

ይኸው፣ ዛሬም ደጁ ይንኳኳል።
ፋብሪካው የወሰደውን ጆሮዬን አዞርኩለት።
ጠረጴዛው ላይ ብልቃጡ፣
ሚዛኑ፣
ያቺ ሃያ ግራም
አሁንም የለችም።