ብር ያልሆነው ብር

ቀያሽ ነኝ፤ እንጀራዬ ድንበር ማበጀት ነው፣
የወንድምን እርሻ ከወንድም መለየት ነው።
ጂፒኤስ አንግቼ ከማሳ ዳር ስደርስ፣
አንዱ ይመርቀኛል፣ ሌላው ያስባል ሊከስ።

ታዲያ በዚያው መሣሪያ፣ ከሥራ ስወጣ፣
ሌላ ነገር ለመድሁ፣ ጠብ የማያመጣ፤
ሣጥን መደበቅ ነው፣ ሥፍራውን በቁጥር መግለጥ፣
ፈላጊ እስኪያገኘው በትዕግሥት መቀመጥ።
አምስት ሣጥን አሉኝ በፍኖተ ሰላም፤
አንዱ ላህ ወንዝ ዳር ነው፣ ሌላውን አልነግርም።

ዘንድሮ ግን አማረኝ የራሴ ሳንቲም፣
የሚዞር፣ የሚንከራተት፣ የማይገዛ ምንም፤
ጠርዙ ላይ ቁጥር ያለው፣ መንገዱ የሚመዘገብ፣
በደረሰበት ሁሉ ታሪኩ የሚነበብ።
ስሙን አልተቸገርሁም፤ ወንዛችን ብር ይባላል፣
በክረምት ደፍርሶ፣ በበጋ ሳስቶ ያልፋል።
“ብር” አልሁት እኔም፣ ያን የማይመነዘር፤
ሰሙ ገንዘብ መስሎ፣ ወርቁ ወንዝ ነበር።

ባንድ ፊቱ ድልድይ፣ ባንድ ፊቱ በርበሬ፣
ሦስት ሌሊት ሣልሁት ባሮጌ ደብተሬ።
ሚስቴ ዳሳሽ መጥታ፣ መብራቱን አስጠግታ፣
“ይሄማ ቃሪያ ነው” አለች፣ ጥቂት ተመልክታ።
ሸንተረር ጨመርሁበት፣ ጫፉን አጎበጥሁት፣
ቃሪያው በርበሬ ሆነ፤ ለሷው አሳየሁት።
“ምን ይገዛል?” “ምንም።” “ታዲያ ለምን ይሠራ?”
“ሊሄድ” አልኋት። ዝም አለች፤ ዝምታዋ ብዙ አወራ።

ፋብሪካው ሩቅ አገር፤ በስልክ ጻፍሁለት፣
መጠኑን፣ ውፍረቱን፣ ቀለሙን ላክሁለት፤
“ከሃምሳ በታች የለም” የሚል መልስ ላከልኝ፤
የሁለት ወር ደመወዝ ነው፣ ዐይኔ ጨለመብኝ።
ጓንጉል አስተማሪው ሃያ፣ ነርሷ አያልነሽ አሥር፣
ቀሪውን እኔ ወሰድሁ፣ ከፋሲካው በግ ብር።

በሳምንቱ ናሙናው በሥዕል ሲመጣ፣
ድልድዩ ድልድይ ነው፣ በርበሬውም አልታጣ፤
ስሙ ያለበት ላይ ግን፣ “ብር” በሚልበት፣
ሁለት ባዶ ሣጥን ጎን ለጎን ቆመውበት።
ማሽኑ ፊደላችንን አላውቅም ብሎ ነው።
ሣጥን ፈላጊ ነኝና፣ ሣጥን ነው ያገኘሁ፤
ያውም ባዶውን። ተናድጄ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሄድሁ ወደ የኔታ ፈንቴ፣ ቅኔ ቤቱ ደጃፍ፣
“ሁለት ፊደል ይጻፉልኝ፣ በመቃ ብዕር ጫፍ።”
“ለመጽሐፍ ነው” አሉኝ፣ “ወይስ ለክታብ?”
“ለሳንቲም፣ ለማይመነዘር።” አቀረቀሩ ለማሰብ።
“የማይገዛ ብር” አሉ፣ “እሱን አላየሁም፤
የሚገዛውንም ቢሆን ብዙ አልጨበጥሁም።”
ጻፉት። ቀለሙ ሳይደርቅ በስልኬ አነሣሁት፣
“እንደ ወረደ ቅረጹት” ብዬ ለፋብሪካው ላክሁት።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ካርቶኑ ደረሰ፤
የፖስታ ቤቱ ሰውዬ አንዱን በጥርሱ ነከሰ።

የመጀመሪያውን ወስጄ፣ ከድልድዩ ሥር፣
በሣጥን አኖርሁት፣ ሊጀምር ሽርሽር።
ወር አለፈ። ሁለት። ሣጥኑ ባዶ ነው፤
ቁጥሩን አይቶ መድረሻውን የመዘገበው ማነው?

በገበያ ቀን ጅጋ፣ ከበርበሬ ተራ፣
አየሁት። ራሱን። አቧራ ለብሶ ሲሠራ።
የወይዘሮ ይታክቱ ሚዛን ባንድ ወገን ቀልሎ፣
ጎደሎውን ሞልቶታል፣ ከሰሃኑ ሥር ተንጠልጥሎ።
ልጃቸው ነው፣ ድልድዩ ሥር ሲዋኝ ያገኘው፤
ሱቅ “አይሠራም” ቢለው፣ ለናቱ አዋለው።
እጄን ሰደድሁ፤ መለስሁት።
“እሱን ካገኘሁ ወዲህ” አሉኝ፣ “ማንም አልከሰሰኝ።”
ግማሽ ኪሎ ገዛሁ፤ ጭብጥ መረቁልኝ።

ማታ ከመዝገቡ ላይ፣ ከቁጥሩ ፊት ለፊት፣
ሌላ የሚጽፍ ስለሌለ፣ እኔው ጻፍሁለት፦
“ብር ቁጥር አንድ፣ ጅጋ፣ በርበሬ ተራ አለ፤
አልጠፋም። መንገድ ላይ ሳለ፣ ሥራ አግኝቶ ዋለ።”