የተቀያሪው ኪስ

ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት፣ ከቀኑ አስር ሰዓት፣
የጠባሴ ነፋስ ሜዳውን ሲጠርገው እንደ ቤት፣
ዳኛው አሰልፎ አንገት አንገታችንን አየ፤
«ክርም ዶቃም ያለው ያውልቅ፤ ጨዋታው ቆየ።»

እኔ ተቀያሪ ነኝ። ቁጥሬ አስራ አራት።
ሁለት ዓመት ሙሉ አግዳሚዋ ናት የእኔ ርስት።
ስለዚህ ኪሴ ሰፊ ነው፣ እጄም ሥራ ፈት፤
ሁሉም እየመጣ የራሱን አኖረበት።

ኤርሲዶ የሆሳዕናው፣ የግራ ክንፋችን፣
የጎማ አምባሩን ሰጠኝ፤ ጽሑፉ «ኢየሱስ ጌታችን»።
እንድሪስ በረኛው፣ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣
ሙስበሃውን ከጓንቱ ሥር ፈትቶ አኖረው በእኔ እጅ።
ወንድይፍራው ሲደርስ ግን፣ አምበላችን፣ የመንዝ ሰው፣
ማተቡን በመዳፉ ሸፈነ፤ «ይሄን እንኳ አልበጥሰው።
በአርባ ቀኔ የታሰረ፣ የእናቴ ቋጠሮ፣
ለዘጠና ደቂቃ ብዬ!» አለ፣ አንገቱ ተወጥሮ።

ዳኛው ሰዓቱን አየ። «ወይ ክሩ፣ ወይ አንተ።»
አሰልጣኝ ጥላዬ ለመነ፤ ሰለቸው፤ ዛተ።
የፍቼ ልጆች መሀል ሜዳ ኳስ ያንከባልላሉ።
እኛ ዝም።

ያን ጊዜ እንድሪስ ጓንቱን በጥርሱ ነቅሎ፣
ከተሰነጠቀ ጣቱ ላይ ፕላስተሩን ፈልቅሎ
(ሌላ ጥቅል አልነበረንም፣ ሳጥኑ ውስጥም የለ)
«ና ወዲህ፣ አጎንብስ» አለ።
ክሩን ከአንገቱ ሥር በነጩ ለጠፈው፣
ዳኛው ጎንበስ ብሎ ነካ፤ አየ፤ አለፈው።
ወንድይፍራው ምንም አላለም። የእንድሪስን ጣት አየው።

ከዚያ ክብ ሠራን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን።
አምና አንዱ ጮክ ብሎ ቢጸልይ ሌላው ቅር ብሎት፣
ጥላዬ ሕግ አወጣ፤ «ሁሉም በሆዱ። እስከ ሃያ ቁጠሩለት።»
እኔ መቁጠር ብቻ ነው የምቆጥረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት . . .
ከጸለይኩ ቆይቷል፤ የአባቴን አፈር ከመለስንበት ዕለት።

ሁዳዴና ረመዳን ዘንድሮ አንድ ላይ ወድቀው፣
ከበረኛ እስከ አጥቂ ባዶ ሆድ ነው የሚሮጠው።
ኤርሲዶ አይጾምም፤ ግን ዳቦውን ሊገምጥ
ከመታጠቢያው ጀርባ ሄዶ፣ እንደ ሌባ ሲያላምጥ
አግኝቼዋለሁ። «ምነው?» ስለው፣ ፍርፋሪውን ጠርጎ፣
«ሽታው ይደርሳቸዋል» አለኝ፣ ቀሪውን በኪሱ ሸሽጎ።

ፊሽካው ተነፋ። እጄን ኪሴ ከተትኩ፣ ብርድ ነው ለነገሩ፤
ጣቶቼ ሙስበሃው ላይ ወድቀው መቁጠር ጀመሩ።
ሠላሳ ሦስት ፍሬ። ምን እንደሚባልባቸው አላውቅም፤
አስራ አንድ ስም ግን አውቃለሁ፣ ከነቅጽላቸው አልስትም።
እንድሪስ። ወንድይፍራው። ኤርሲዶ። ጉተማ። ሙሉሰው . . .
አንድ ፍሬ ለአንድ ልጅ፤ ሲያልቅ ከራሱ እመልሰው።
ሦስት ዙር፣ ልክክ አለ። ሳላስበው ገጠመ።
ለእኔ የሚተርፍ ፍሬ የለም። ከንፈሬ ግን አልጎመጎመ።

በሰማንያ ስምንተኛው፣ ነፋስ ያዘላት ኳስ ተሻማች፤
የእንድሪስን እርቃን ጣት ነካች፤ ሾለከች፤ ገባች።
አንድ ለዜሮ።

እንድሪስ እጁን በብብቱ ይዞ መሬት ተቀመጠ፤
ወንድይፍራው ከአጥቂው ጫፍ ድረስ ወደ እሱ ሮጠ።
«በእኔ ነው» አለው። «ዝም በል» አለው። ሌላ አልተነጋገሩ።
የቀሩት አንድ በአንድ መጥተው ከቋሚው ሥር ተከመሩ።

ሳንቀይር መሸ። ከከተማው አዛን ሲሰማ፣
እንድሪስ በጋዜጣ የጠቀለለውን ቴምር ፈታ።
አንድ ጉንጭ ውሃ፣ አንድ ፍሬ ለራሱ ወሰደ፤
ቴምር የጾም ነው፤ ከአምበሉ አልፎ እስከ ኤርሲዶ ወረደ።

ዕቃቸውን መለስኩ።
«ስንት ደረስክ?» አለኝ እንድሪስ፣ ጣቴን አይቶ ሲንቀሳቀስ።
ለምን ዋሸሁ? «እጄን ላሙቅ ብዬ ነው» አልኩት፣ ሙስበሃውን ስመልስ።
ሳቀ። ከጫፉ ያለችውን ረጅሟን ፍሬ አሳየኝ፤
«ይቺ አትቆጠርም» አለኝ። «ክሩ የሚታሰረው ግን በሷ ነው» ብሎ ተወኝ።

ማታ ዶርም፣ መብራት ጠፍቶ፣ ውርጩ ሲገባ በመስኮት፣
ኪሴን ዳበስኩ። ባዶ። የፕላስተር ቅዳጅ ተጣብቃበት።
ጣቶቼ ግን አላቆሙም። እንድሪስ። ወንድይፍራው። ኤርሲዶ . . .
አስራ ሁለተኛ የአባቴ ስም መጣ፣ ሳልጠራው፣ ከሩቅ ነጉዶ።