መሃል ላይ የነበረው እሳት

ሜትሩን ዘረጋን፣ እኔና ሙረኽ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፤
የሉዊስ ደሴት ነፋስ ወረቀታችንን ሊነጥቅ ሲያደባ ከደጃፍ።
ግንቡ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤
ድንጋይ በውጭ፣ ድንጋይ በውስጥ፣ አፈር መሃሉን ያሰረው።
ጣራው ከወረደ ሰባ ዓመት አልፎታል፤
ወለሉ ላይ አሁን ሳማ በቅሎበታል።

"ጥቁር ቤት" ይሉታል። ያኔ ግን ስም አልነበረው፤
ቤት ነበር፣ ቤት ብቻ፣ ሌላ ቤት መጥቶ እስኪያሳፍረው።
ላሚቱ በታች በኩል፣ ሰው በላይ በኩል፣ በሩ አንድ፤
የረግረግ ኩበት ወለሉ መሃል ሌት ተቀን ሲነድ፣
ጢሱ መውጫ የለው፣ ሣሩን ሰርስሮ በገዛ ፈቃዱ ሲሄድ።
የአባቴ እናት ኦይሪክ እሳቱን አመድ ስታለብስ ማታ ማታ
"ደህና እደር" ትለው ነበር፣ እንደ ልጇ፣ በእርጋታ።
በመቶ ዓመት አንዴ ጠፍቶ ነበር ብለው ያወራሉ፤
ያን ሌሊት ማን እንደሞተ ግን ገና ይከራከራሉ።
በጸደይ ጣራውን ገፈው፣ ጥላሸት የጠገበውን ሣር ይበትኑታል ከማሳ፤
ገብሱ በዚያ ይፋፋል። "ቤት በልተን አደግን" ይላል አባቴ ቶርሞድ ሲያወሳ።

ኋላ ጤና መርማሪ መጣ፣ መሐረቡን በአፍንጫው ይዞ፤
ላምና ሰው በግድግዳ እንዲለዩ፣ መስኮት እንዲወጣ አዝዞ
ሄደ።
ነጭ ቤት ተሠራ፤ ኖራ የተቀባ፣ ግንቡ የሳሳ፤
እሳቱም ጢስ መውጫ ተሰጥቶት ግድግዳ ተጠጋ፣ ከመሃል ተነሣ።
ክብ ሠርተው ፊት ለፊት ይተያዩ የነበሩ
ግማሽ ጨረቃ ሆነው ግድግዳ ማየት ጀመሩ።
የኦይሪክ ዓይን ዳነ፣ ሳሏ ቆመ፤ ይህን መካድ ነውር ነው፤
"ለካ ላሚቱ ናት ስታሞቀን የኖረችው" ያለችውም ያኔ ነው።

ሦስተኛው ቤት በመርከብ መጣ፣ እንጨቱ ተቆርጦ ተቆጥሮ፤
በሦስት ሳምንት ቆመ፣ ከነመስታወቱ፣ ከጎረቤቱ ቤት ጋር ተማክሮ
አንድ መልክ ይዞ።
እሳቱ ቱቦ ውስጥ ገባ፣ በሙቅ ውሃ ተተክቶ፤
ወንበሩ ሁሉ እንደ ምእመን ለቴሌቪዥኑ ፊቱን ሰጥቶ።
እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። መልካም ቤት ነበር፤ አልዋሽም።
የአባቴ ሳል ግድግዳ ያልፋል፤ ሲያወራ ግን አይሰማም።

አሁን ደግሞ ይኸው፣ ከለንደን የመጡ ባልና ሚስት
ፍርስራሹን ገዝተው "ጥንታዊነቱ ይጠበቅ" ይላሉ፣ ለእንግዳ የሚከራይ ቤት።
ግንቡ ይቅር፣ ሣሩ ይመለስ፣ ወለሉ ከሥር ይሙቅ፣ ላም ብቻ አይኑር አሉ፤
የአንድ ሌሊት ኪራዩ ኦይሪክ በዓመት ከያዘችው ገንዘብ ሁሉ
ይበልጣል።

ሥራው ሲያልቅ አባቴን ይዤው ሄድሁ፤ ሰማንያ ሁለት ዓመቱ፤
በሩ ላይ ዝቅ አለ፤ አልረሳውም ነበር አንገቱ።
ወለሉን በካልሲው ዳሰሰ፤ ሞቀው፤ ምንም አላለም።
አየሩን አሸተተ፤ ጢስ የለም።
ከጥግ ወንበር ጎተተ፤ ጀርባውን ለመስኮቱ፣ ለባሕሩ ሰጥቶ
ተቀመጠ፣ ወደ መሃል፣ ወደ ባዶው፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ።

ሙረኽ "ምን ያያል?" አለኝ። ሜትሩን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ፤
እኔም ወንበር ሳብሁና ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ።