ሠላሳ አንድ ሜትር ከግማሽ

ጂሮካስተር ላይ ነው፣ ከዳገቱ አንገት፣
ሽቦ በሜትር ቆርጬ የምሸጥበት ቤት።
ጣሪያው ጥርብ ድንጋይ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣
መንገዱም ድንጋይ ነው፤ ዝናብ ሲያርፍበት ላይ
እንደ ዓሣ ጀርባ ነው።

ረቡዕ ጧት ወረዱ ወይዘሮ ጀቫሂሬ፤
ገና ቁልፍ በእጄ፣ ሳይከፈት በሬ።
ሰባ አንድ ዓመታቸው፣ ጃንጥላቸው ጥቁር፤
ከካፖርታቸው ኪስ ባለቋጠሮ ክር፣
የቀይ ሱፍ ልቃቂት አወጡና ሰጡኝ።

«ሜትር የለኝም» አሉ፤ «ቋጠሮው ይናገር፤
አንደኛው ደረጃው፣ ሁለተኛው ማገር፣
የመጨረሻዋ ሰገነት ታደርሳለች፤
የልጅ ልጄ ኤርሚራ እዚያ ታስተምራለች፣
ተማሪዎቿ ሌላ አገር፣ እሷ እኔ ጣሪያ ሥር።
ግድግዳው ክንድ ነው፣ ክንድ ከስንዝር።
ገመድ አልባው ነገር ደረጃው ላይ ሲደርስ
እንደ ሽማግሌ ይቆማል ሊተነፍስ።»

ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ለካሁት፤
ሠላሳ አንድ ከግማሽ። በወረቀት ጻፍሁት።
«ካት ፋይቭ አለ» አልሁ፣ «ካት ሲክስ፣ ካት ሰቨን፤
ይህ ፎይል የለበሰው፣ ለሱ ዋስትና አለን።»

«ፎይሉ ከምን ብርድ?» ፈገግ እንኳ አላሉ።
«ከመሬት ካልታሰረ ጌጥ ነው ፎይል ሁሉ፤
ሞተር ለሚያጓራበት ለወፍጮ ቤት ይሁን።
ለእኔ ሠላሳ ሜትር፣ ለእኔ ደረቅ ድንጋይ
ሲክስ አይበቃም ወይ?»

ይበቃል። አውቃለሁ። ግን መደርደሪያው ላይ
ሁለት ጥቅልል ነበር፣ ለዓይን የማይለይ፤
ሁለቱም ሰማያዊ፣ ሁለቱም ሲክስ ነኝ ባይ።
አንደኛው መዳብ ነው እስከ ልቡ ድረስ፣
ሌላው አልሙኒየም፣ መዳብ የሚለብስ፣
ወርቁን ላዩ አድርጎ ሰሙን የሸሸገ።
እጄ ርካሹን አነሣ፤ አፌ የውዱን ዋጋ ጠራ።

ተቀበሉኝና መዘኑት በመዳፍ፤
ዝም አሉ። ዝናቡ ብቻውን ከደጃፍ።
«ቀለለኝ» አሉና፣ ከቦርሳቸው ሥር
ትንሽ ቢላ አወጡ፣ ፖም መላጫ ነበር፤
ጫፉን ፋቅ፣ ፋቅ፣ ፋቅ።
ከቀዩ ልጣጭ ሥር ነጩ ሥጋ ወጣ።
እንደ ፖም።

«ሽቦ ፋብሪካ ነው ያለቀው ጉልበቴ፤
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ገና ከልጅነቴ፣
በትር የሚያህል መዳብ በቀዳዳ ስቤ
ፀጉር አሳክያለሁ። ይኸው አንድ ጣቴ
እዚያው ማሽን ላይ ቀረ፤
ክብደቱ ግን መዳፌ ውስጥ አደረ።»

እኔ በሜትር እንጂ በሚዛን አልሸጥም፤
ሚዛን ቢኖረኝ ግን ያን ዕለት ባፈረ።

አልጮኹም። «ርካሽ መሆን ነውር የለበትም፤
ስሙን ነው የቀማኸው» አሉ። «መጋረጃ
ቢሆን ሲያረጅ አውርደን በለወጥነው፤
ድንጋይ ስንቴ ይፈነቀላል፣ ልጄ?»

ንጹሑን አወረድሁ። «ሁለት ሜትር ጨምር፤
በሹል ጥግ ከታጠፈ ያኮርፋል ሽቦ።»
ሁለቱን በነፃ ልላቸው ስከጅል
«ጻፈው» አሉኝ፣ «ጻፈው፤ ሒሳብ ነው።»

ቅዳሜ ወጣሁ፣ ሳይጠሩኝ፣ መሰርሰሪያዬን ይዤ።
ኤርሚራ ከላይ ሆና ቀዩን ክር ስትስብ፣
እኔ ከታች ሆኜ ገመዱን ስመግብ፣
ማገሩ ጋ ሲደርስ ያዘው።
ሦስታችንም ትንፋሽ ዋጥን።
አለፈ።

ጀቫሂሬ ግን ሌላ ክር ከጫፉ አስረው
አብረው ልከው ኖሯል፣ ቱቦው ውስጥ የሚቀር።
«ይህስ ምን ያደርጋል?» ብዬ ብጠይቃቸው፣
«ይኼም ገመድ ያረጃል። ያኔ የሚመጣው
ምንም ሳያፈርስ ይህን ይሳበው።»

ርካሹ ጥቅልል ላይ «አልሙኒየም» ብዬ
ጽፌአለሁ በትልቁ፣ ሰው እንዲያይ ብዬ።
እስካሁን የገዛኝ አንድ ገበሬ ነው፤
ሦስት ሜትር ወሰደ፣
ቲማቲም ሊያስርበት።